በአዲስ ግንብ ውስጥ የገባ አሮጌ ድንጋይ ምን ይመሰክራል?

ጥያቄ፦ «የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪ ነኝ። በሮማ የሚገኘው የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት፣ የኮርዶባ ታላቅ መስጊድና በኢስታንቡል ያለው የከርሰ ምድር የውኃ ማጠራቀሚያ ከቀደሙ ሕንፃዎች በተነሡ ዓምዶችና ቅርጻ ቅርጾች እንደተሠሩ ተምሬአለሁ። አንዱ መምህራችን ይህ የጥበብ መውደቅና የድህነት ውጤት ነው ይላሉ። ሌላው ደግሞ አሸናፊ የተሸነፈውን አማልክት የሚረግጥበት ምልክት ነው ብለው ያስተምሩናል፤ ለማስረጃም ተዘቅዝቆ የዓምድ መቆሚያ የሆነውን የሜዱሳ (በግሪክ አፈ ታሪክ ፀጉሯ እባብ የሆነች ፍጥረት) ራስ ይጠቅሳሉ። የትኛው ነው ትክክል? ድንጋዮቹስ ወደተወሰዱበት ሕንፃ መመለስ የለባቸውም?»

ምላሽ፦ ሁለቱም መምህራን የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ምክንያት ያለውን ነገር በአንድ ምክንያት ሊቋጩት ይሞክራሉ። ከፈረሰ ወይም ከተተወ ሕንፃ የተነሣ ዓምድ ወደ አዲስ ግንብ ሲገባ ከጀርባው ችኮላ፣ የድንጋይ ማውጫ ካባ መዘጋት፣ የቀደመ ንጉሥን ክብር የመውረስ ፍላጎት፣ ድልን የማሳየት ዓላማ ወይም እንዲያው የድንጋዩ ማማር ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ይገኛሉ። ስለዚህ ምርመራውን ከግንበኛው ስሌት ይጀምሩ፤ ምን ድንጋይ በእጁ ነበረ፣ ምን ያህል ቁመት ፈለገ፣ ምን ያህል ጊዜ ነበረው ብለው ይጠይቁ። ድንጋዩ መልእክት አለው ወደሚለው የሚሻገሩት አቀማመጡ፣ የተደረገበት ለውጥ ወይም የዘመኑ ጽሑፍ ሲያስገድድዎት ብቻ ይሁን። ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሱ ለሚለው ደግሞ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ መልሴ አይመለሱ የሚል ነው። ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምክንያቱን ልዩነት ከሁሉ አጥርታ የምታሳየን አቴና ናት፤ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎችን በአንድ ትውልድ፣ በአንድ ሕዝብ እጅ ተሠርተው እናገኝባታለንና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ፋርሶች አክሮፖሊስን፣ ማለትም የከተማዋን የቤተ መቅደሶች ኮረብታ፣ ሲያቃጥሉ ገና በግንባታ ላይ የነበረ፣ ከዛሬው ፓርቴኖን የቀደመ ቤተ መቅደስ አብሮ ወደመ። አቴናውያን ከተመለሱ በኋላ የኮረብታውን ሰሜናዊ ግንብ ሲያነሡ የዚያን ቤተ መቅደስ ክብ የዓምድ ቁራጮች በግንቡ ላይ በረድፍ ደረደሯቸው፤ ራቅ ብሎም በዚያው ጊዜ ከተቃጠለ ሌላ ቤተ መቅደስ የተነሡትን ከዓምድ በላይ የሚውሉ ጥርቦች ቀድሞ በነበራቸው ቅደም ተከተል አስቀመጡ። ቦታው ከታች ካለው አደባባይ ቀና ብሎ ለሚያይ ሁሉ ግልጽ ነው፤ ዛሬም ይታያል። ግንብ ለመሙላት ብቻ ቢፈለግ ኖሮ ክብ ድንጋይ ያስቸግራል እንጂ አያመችም፤ የጥርቦቹን ቅደም ተከተል መጠበቅም ለግንበኛ ድካም እንጂ ትርፍ የለውም። እዚህ ላይ ሆነ ብሎ የተደረገ ነገር እንዳለ ድንጋዮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በእነዚያው ዓመታት ግን አቴናውያን ስፓርታ ሳታግዳቸው የከተማቸውን ቅጥር ለመጨረስ ይጣደፉ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ የዚያ ቅጥር መሠረት ከየዓይነቱ ድንጋይ፣ ሳይገጣጠም፣ እያንዳንዱ እንዳመጣው እንደተጣለ፣ ብዙ የመቃብር ሐውልቶችና ለሌላ ሥራ የተጠረቡ ድንጋዮችም እንደገቡበት ጽፏል፤ ቁፋሮም ይህንኑ አረጋግጧል። ከዚህ ሁለተኛ ግንብ ውስጥ የወጣ የመቃብር ሐውልት ይዞ አቴናውያን ሙታናቸውን ናቁ ብሎ የሚጽፍ ሰው ችኮላን ከንቀት ጋር አምታቷል።

አሁን ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት እንምጣ። የጥበብ ውድቀት ነው የሚለው ፍርድ የመምህርዎ ፈጠራ አይደለም፤ ሠዓሊው ራፋኤል በ1519 ገደማ ለሊቀ ጳጳስ ሊዮ 10ኛ በተዘጋጀው ደብዳቤ ላይ በቆስጠንጢኖስ ዘመን የተቀረጹትን ክፉኛ ነቅፎ ከቀደሙት ነገሥታት ሐውልቶች የተወሰዱትን አወድሷል። (ይኸው ሊቀ ጳጳስ በ1515 ራፋኤልን ለአዲሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጥንታዊ ድንጋይ ከሮማና ከአካባቢዋ እንዲመርጥ ሾሞት፣ ጽሑፍ ያለበትን ድንጋይ ግን ያለ እርሱ ፈቃድ ማንም እንዳይቆርጥ አዝዞ ነበር፤ ጠባቂነትና ወሳጅነት በአንድ ሰው እጅ ሊገናኙ እንደሚችሉ ልብ ይበሉ።) ዓይኑ አልተሳሳተም፤ የሁለቱ ዘመናት አቀራረጽ በእርግጥ ይለያያል። ስህተቱ ከዚያ ልዩነት ተነሥቶ መቅረጽ ስላልቻሉ ሰረቁ ብሎ መደምደሙ ላይ ነው።

ቅስቱ የተመረቀው በ315 ሲሆን ምክንያቱም ቆስጠንጢኖስ ከሦስት ዓመት በፊት በሮማ ይገዛ በነበረው ተቀናቃኙ በማክሴንቲዮስ ላይ የተቀዳጀው ድል ነው። ወደ ላይ ቀና ብለን ብንመለከት ከዓምዶቹ በላይ የቆሙት ምርኮኞች የዳኪያ ሰዎች ናቸው፤ ከትራያኖስ ዘመን የመጡ። በመካከለኛው መተላለፊያ ግራና ቀኝና በላይኛው ክፍል ጎኖች ያሉት የጦርነት ትዕይንቶችም ከአንድ ረዥም የትራያኖስ ቅርጽ በአራት ተቆርጠው የተቀመጡ ናቸው። አደንና መሥዋዕት የሚያሳዩት ስምንቱ ክብ ቅርጾች የሐድሪያን፣ ከላይ ያሉት ስምንት አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች የማርቆስ አውሬልዮስ ናቸው። ሦስቱም ሮማውያን በመልካም የሚያነሷቸው ነገሥታት ነበሩ። ክቦቹን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ደግሞ የሐድሪያን ፊት በጥንቃቄ እንደገና ተጠርቦ በቆስጠንጢኖስና በሌላ ንጉሣዊ ሰው መልክ እንደተተካ ያያል። ድንጋይ ብቻ የፈለገ ሰው ፊት አይቀይርም። ከክቦቹ ሥር የሚዞረው ጠባብ ቅርጽ ግን የራሱ የቆስጠንጢኖስ ዘመን ሥራ ነው፤ ጦርነቱን፣ ሮማ መግባቱን፣ ለሕዝቡ ንግግር ማድረጉንና ገንዘብ ማደሉን ይተርካል። ስለዚህ ቀራጮች ነበሩ፤ ሥራም ተሰጥቷቸው ነበር። ድህነት ነበር እንዳንልም ማክሴንቲዮስ የጀመረውና ቆስጠንጢኖስ የጨረሰው ግዙፍ ባሲሊካ (የሕዝብ አዳራሽ) በዚያው ከተማ፣ በእነዚያው ዓመታት ቆሟል። የጊዜ ማጠር ሚና አልነበረውም አልልም፤ ሦስት ዓመት ለእንዲህ ያለ ቅስት አጭር ነው። ነገር ግን ምርጫው፣ አደራደሩና የፊቶቹ መቀየር አንድ ላይ ሲታዩ ንጉሡን ከቀደሙት ደጋግ ነገሥታት ተርታ የማሰለፍ ሐሳብ እንዳለበት ያሳያሉ፤ ይህን ቅስት መልእክት ካላቸው ወገን የምመድበውም ለዚህ ነው። መልእክቱ ግን ውርስ ነው፤ በቅርጾቹ ላይ የተረገጠ አምላክ የለም።

አብዛኛው እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ ድንጋይ ግን እንዲህ አይናገርም። የጥንቱ ሮማ የእብነ በረድ አቅርቦት በመንግሥት ኃይል የቆመ ትልቅ ሥርዓት ነበር። በሮማው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በፓንቴዮን መግቢያ ላይ የቆሙት ዓምዶች እያንዳንዳቸው 12 ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው ወጥ ድንጋዮች ሲሆኑ ከግብፅ ካባዎች ወጥተው፣ በረሃ አቋርጠው፣ ዐባይን ወርደውና ባሕር ተሻግረው ነው ሮማ የደረሱት። ይህን የሚከፍለው መንግሥት ሲዳከምና የከተማዋ ሕዝብ እጅግ ሲቀንስ ባዶ የቀሩት ሕንፃዎች ራሳቸው ካባ ሆኑ። ነገሩ ያለ ሥርዓት የተደረገ ዝርፊያ ነበር ማለትም አይቻልም፤ ሕግ ይከታተለው ነበር። ንጉሥ ማዮሪያኖስ በ458 ባወጣው ሕግ፣ ለሕዝብ ሥራ ድንጋይ ያስፈልጋል በሚል ሰበብ ትንሽ ነገር ለመጠገን ትልቁ እንደሚፈርስ በምሬት ገልጾ፣ ይህን የፈቀደ ሹም 50 ሊትራ (የሮማውያን የክብደት መለኪያ) ወርቅ እንዲከፍል፣ ትእዛዙን የፈጸሙ የበታች ሠራተኞችም ተገርፈው እጃቸው እንዲቆረጥ ደነገገ። በዚሁ ሕግ ላይ ግን ሊጠገን የማይችል ሕንፃ ካለ ጉዳዩ ታይቶ ድንጋዩ ለሌላ የሕዝብ ሕንፃ ጌጥ ሊውል እንደሚችል በር ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ቅጣት መደንገጉ ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሌላ ጉዳይ ደግሞ የድንጋዩ አማራጭ ዕጣ ምን እንደነበረ ነው። እብነ በረድ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ኖራ ይሆናል፤ በመካከለኛው ዘመን የሮማ ፍርስራሾች ውስጥ የኖራ ምድጃዎች ይሠሩ ነበር። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሐውልቶች ያለቁት እዚያ ነው። ከዚህ አንጻር ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የገባ ዓምድ ከእሳት የተረፈ ነው፤ ወሰዱት ብሎ የሚቆጨው ሰው ብዙውን ጊዜ ድንጋዩን በዓይኑ ለማየት የበቃው በመወሰዱ ነው። ፖርፊሪ የሚባለው ሐምራዊ ድንጋይ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የሚወጣው በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ካለ አንድ ተራራ ብቻ ሲሆን ካባው ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በኋላ ሥራ አቆመ። ከዚያ በኋላ ፖርፊሪ የፈለገ ንጉሥም ሆነ ጳጳስ ከአሮጌ ሕንፃ ከመውሰድ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሮማ አብያተ ክርስቲያናት ወለል ላይ የሚታዩትን ሐምራዊና አረንጓዴ ክቦች ይመልከቱ፤ ኮስማቲ የተባሉት ባለሙያዎች ጥንታዊ ዓምዶችን አግድም እየቆረጡ ያነጠፏቸው ናቸው። የክቡ ስፋት የቀድሞውን ዓምድ ውፍረት ያሳያል። እዚህ ላይ ቀለሙና ብርቅነቱ ዋጋ ነበራቸው፤ ዓምዱ ቀድሞ ማንን ያከብር እንደነበር ግን ከክቡ ሊነበብ አይችልም።

የሜዱሳን ራስ በተመለከተ የተነገራችሁ ትርጓሜ በአስጎብኚዎች ዘንድ የተወደደ ቢሆንም ማስረጃው ደካማ ነው። ማጠራቀሚያው የ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ የንጉሥ ዮስጢንያኖስ ሥራ ነው። 9 ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው 336 ዓምዶች ጣሪያውን ተሸክመዋል፤ ብዙዎቹም ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ሁለቱ የሜዱሳ ራሶች የሚገኙት በሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ በሁለት ዓምዶች ሥር ሲሆን አንዱ ተዘቅዝቋል፤ ሌላው በጎኑ ተኝቷል። ቦታው ጨለማ ነበር፤ ማጠራቀሚያው ሲሞላም ራሶቹ በውኃ ይሸፈኑ ነበር። ኋላም በደለል ተቀብረው ቆይተው የወጡት በ1980ዎቹ በተደረገ ጽዳት ነው። ማንም የማያየው የድል ምልክት ለማን ይተከላል? የምልክት ጉዳይ ቢሆንስ ሁለቱ ለምን በሁለት ዓይነት አቀማመጥ ተቀመጡ? የግንበኛው ምክንያት ቀላል ነው። አጭር ዓምድ ነበረው፤ ቁመቱን የሚሞላና ጠፍጣፋ ፊት ያለው ከባድ ድንጋይ ፈለገ፤ እያንዳንዱን ራስ ለሚፈልገው ቁመት በሚመቸው በኩል አስቀመጠው። ክፉ ዓይንን ለመመለስ ታስቦ ነው የሚለውን ፈጽሞ ሐሰት ነው ብዬ አልደመድምም፤ የሚለው ሰው ግን ማስረጃውን የማምጣት ዕዳ አለበት።

ኮርዶባ ከሦስቱ ምሳሌዎችዎ እጅግ የምታስተምረው ናት፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የግንበኛውን ስሌትና ሆነ ተብሎ የተደረገን ምርጫ ለይተን ማየት እንችላለንና። አብዱራህማን ቀዳማዊ በ785 ገደማ ግንባታውን ሲያስጀምር ግንበኞቹ ከሮማውያንና ከቪዚጎቶች ሕንፃዎች የተሰበሰቡ፣ ቁመታቸውም ሆነ ቀለማቸው የማይመሳሰል ዓምዶች ቀርበውላቸው ነበር። ረዥሙን ወደ ወለሉ ገባ በማድረግ፣ አጭሩን በመቆሚያ ከፍ በማድረግ አስተካከሏቸው። ይህም ሆኖ ዓምዶቹ ለዚያ ለሚያህል ሰፊ አዳራሽ አጭር ስለሆኑ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ሊያፍን ነበር። መፍትሔው በዓምዱ ራስ ላይ ሌላ ምሰሶ አቁሞ ቅስትን በቅስት ላይ መደረብ ሆነ፤ የታችኛው ቅስት ምሰሶዎቹ እንዳይንገዳገዱ ያስራል፤ የላይኛው ጣሪያውን ይሸከማል። ቀይና ነጭ ሆነው የሚታዩት ቅስቶች ጡብንና ድንጋይን በማፈራረቅ የተሠሩ ናቸው። ዓለም የሚያደንቀው የዚህ መስጊድ መልክ በከፊል የተወለደው ከአጭር ዓምድ ነው። የጥበብ ውድቀት የሚለው ቃል እዚህ ምን ሥራ እንዳለው አይገባኝም።

ከ962 ጀምሮ ሐከም 2ኛ መስጊዱን ሲያሰፋ ግን ሁኔታው ተለውጦ ነበር። ኸሊፋው ባለጸጋ ነው፤ የእርሱ ክፍል ዓምዶችና የዓምድ ራሶች ለዚያው ሕንፃ አዲስ የተጠረቡ፣ በቀለም እየተፈራረቁ የተደረደሩ ናቸው። እንዲያም ሆኖ በአዲሱ ሚህራብ (የጸሎት አቅጣጫን በሚያሳየው የግድግዳ ጓዳ) ግራና ቀኝ ያሉት አራት ዓምዶች አሮጌ ናቸው፤ አባቱ ዐብዱራህማን 3ኛ ሳይሆኑ ከዚያም በፊት የነበሩት ዐብዱራህማን 2ኛ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ካሠሩት ሚህራብ ተነሥተው የመጡ። አዲስ ዓምድ እንደልብ ባለበት፣ በሕንፃው ዋነኛ ቦታ ላይ አሮጌውን ማስቀመጥ ምርጫ ነው። እጥረት ሊያብራራው ስለማይችል የቀደመውን አምልኮ ከአዲሱ ጋር የማያያዝ ሐሳብ እንዳለ ለማመን ምክንያት አለን። ለሌሎች ሕንፃዎችም የምመክረው መፈተኛ ይኸው ነው፤ አዲስ ማሠራት እየቻሉ አሮጌውን በክብር ቦታ ካኖሩት ትርጉም ፈልጉለት።

ድል በእርግጥ የተነገረባቸው ሕንፃዎችም አሉ፤ ሁለተኛው መምህርዎ ከባዶ አልተነሡም። በዴልሂ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተጀመረው የቁወት አል-ኢስላም መስጊድ ምሥራቃዊ በር ላይ ያለው የፋርስ ጽሑፍ ለሕንፃው የ27 ቤተ መቅደሶች ቁሳቁስ እንደዋለ በኩራት ይናገራል። እዚህ የምንገምተው ነገር የለም፤ አሠሪው ራሱ ተናግሯል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ግን ግንበኞቹ የቤተ መቅደስ ምሰሶዎችን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ቁመት እንዳገኙ እናያለን፤ መልእክቱ የግንበኛውን ስሌት አላስቀረውም። በቬኒስ ደግሞ በ1204 ቁስጥንጥንያ በመስቀል ጦረኞች ከተዘረፈች በኋላ የመጡት አራት የነሐስ ፈረሶች በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ከፍ ብለው ተተከሉ። በዚያው ሕንፃ ማዕዘን ላይ የቆሙት አራት ተቃቃፊ ነገሥታት የፖርፊሪ ቅርጽ አንድ እግሩ የጎደለ ሲሆን የጎደለው ቁራጭ በ1960ዎቹ ኢስታንቡል ውስጥ በቁፋሮ ተገኝቷል፤ የመጣበትን ከተማ ከዚህ በላይ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አይኖርም።

ይሁን እንጂ ድልን የሚተርክ አፈ ታሪክ ሁሉ እውነት እንዳይመስልዎ። ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ደቡብ በኩል ሁለት እጅግ ያጌጡ አራት ማዕዘን ምሰሶዎች ቆመዋል። የቬኒስ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የአክሬ ምሰሶዎች ሲሏቸው ኖረዋል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአክሬ ከተማ ጄኖቫውያንን ድል አድርገን ያመጣናቸው ምርኮ ናቸው ይሉ ነበር። በ1960 ኢስታንቡል ውስጥ መንገድ ሲሠራ የተቀረጹና የግጥም ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች ወጡ። ግጥሙ በጥንት የግሪክ ግጥሞች ስብስብ ውስጥ ተገልብጦ የተረፈ ስለነበር፣ ሕንፃው ባለጸጋዋ አኒቂያ ዮልያና በ520ዎቹ ያሠራችው የቅዱስ ፖሊዩክቶስ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ታወቀ። በቀጠለው ቁፋሮ የተገኙት ቅርጾች ደግሞ ከቬኒስ ምሰሶዎች ጋር አንድ ሆኑ። ምሰሶዎቹ የመጡት ከቁስጥንጥንያ ነው፤ ስለ አክሬ የሚነገረው የድል ታሪክ ኋላ የተለጠፈ ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ ተተከለ፤ ትርጉሙ በኋላ መጣ። ይህ ከምናስበው በላይ ደጋግሞ የሚከሰት ነገር ነው።

በአነስተኛ የእጅ ሥራዎች ላይ ነገሩ አንዳንዴ ይበልጥ ይገርማል። በኮሎኝ የሚገኘው የ11ኛው ክፍለ ዘመን የሄሪማን መስቀል ላይ የክርስቶስ አካል ከብረት ተሠርቶ ራሱ ግን ከሰማያዊ የከበረ ድንጋይ የተቀረጸ የአንዲት ሮማዊት ሴት ትንሽ ራስ ነው። የሠራው ሰው ሴት መሆኗ ጠፍቶት ነው ለማለት ይከብዳል፤ የድንጋዩ ክብርና ጥንታዊነት ለቅዱስ ነገር የሚገባ ሆኖ ታየው። በብራና በኩል ግን ተቃራኒውን እናገኛለን፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የአርኪሜድስ ድርሳናት ቅጂ በ1229 ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ ተጽፎበታል። ያ ፋቂ ሒሳብን አልጠላም፤ ብራና ውድ ነበር።

አንድ ድንጋይ ሁለተኛ ሥራው ላይ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ከምንም ጋር የማይገናኝ የብረት ማያያዣ ጉድጓድ፣ ተገልብጦ ወይም መካከሉ ተቆርጦ የቀረ ጽሑፍ፣ ከዓምዱ ውፍረት ጋር የማይገጥም የዓምድ ራስ፣ በአንድ ድንጋይ ላይ የሁለት ዓይነት መጥረቢያ ዱካ የመሳሰሉት ናቸው። አለመመሳሰል ብቻውን ግን መስፈርት አይሆንም። በሮማ የሚገኘው የ5ኛው ክፍለ ዘመን የቅድስት ሳቢና ቤተ ክርስቲያን 24 ዓምዶች መንትያ ቢመስሉም ከቀደመ ሕንፃ የተወሰዱ ናቸው። በአንጻሩ በወደብ ማከማቻዎች ተጠርቦ ሳይሸጥ ለረዥም ጊዜ የቆየ ድንጋይም ነበር፤ ዕድሜው ከሕንፃው ቢበልጥም ከማንም ቤት አልተነሣም። የቤተ ሙከራ ምርመራም ወሰን አለው። በእብነ በረድ ውስጥ ያለው የካርቦንና የኦክሲጅን ዓይነት ድንጋዩ ከየትኛው ካባ እንደወጣ ይጠቁማል፤ መቼ ከአንድ ግንብ ወጥቶ ወደ ሌላው እንደገባ ግን አይናገርም። የእንጨት ዓመታዊ ቀለበትም ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት እንጂ ወራጁ ጣሪያ ላይ የወጣበትን አያሳይም። ይህን መዘንጋት ትልልቅ ሊቃውንትን አሳስቷል፤ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፒየር ሞንቴ በግብፅ ታኒስ ላይ የራምሴስ 2ኛን ሐውልቶች በብዛት ስላገኘ ቦታው የንጉሡ ዋና ከተማ ፒ-ራምሴስ ነው ብሎ ነበር። በኋላ እንደታወቀው ከተማይቱ ከታኒስ በስተ ደቡብ በቃንቲር አካባቢ ነበረች፤ ሐውልቶቹና ድንጋዮቹ ወደ ታኒስ የተጓዙት ራምሴስ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አዲስ ዋና ከተማ ለመሥራት ነው።

የመመለሱን ጥያቄ በተመለከተ መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በቅርብ ዘመን በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር የወጣ ቅርስ የሕግ ጉዳይ ነው፤ የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነትና የየአገሩ ሕግ ይመለከተዋል፤ መመለሱንም እደግፋለሁ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሌላ ሕንፃ አካል ሆኖ የቆመ ድንጋይ ግን ሌላ ነው። ለማን ነው የሚመለሰው? የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በዛሬዋ ጀርመን ለሚገኘው የአኸን የጸሎት ቤቱ ዓምዶችን ከሮማና ከራቬና አስመጣ፤ የፈረንሳይ ወታደሮች በ1794 ብዙዎቹን ነቅለው ፓሪስ ወሰዷቸው፤ ከ1815 በኋላ ከፊሎቹ ወደ አኸን ተመለሱ፤ የተቀሩት ዛሬም በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ናቸው። አኸን ይገባኛል ብትል ትክክል ናት፤ ራቬናም እንዲሁ ልትል ትችላለች፤ ራቬና ራሷ ግን ከየት እንዳመጣቻቸው መጠየቅ ይቀራል። ከዚህም በላይ የኮርዶባን ዓምዶች ብናወጣ ሕንፃው ይፈርሳል፤ የሮማ ቤተ መቅደሶቹም አይመለሱም፤ ሁለት ታሪክ አጥፍተን አንድም አናገኝም። ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ የወጣው የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር በ11ኛው አንቀጹ በአንድ ሕንፃ ላይ የየዘመኑ አስተዋፅኦ እንዲከበር፣ በሥሩ ያለውን አሮጌ ለመግለጥ ሲባል የላይኛውን ማንሣትም የሚፈቀደው በተለየ ሁኔታ ብቻ እንዲሆን የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የተለየ ሁኔታ ምን እንደሚመስል በግብፅ ያለው የካርናክ ቤተ መቅደስ ያሳየናል። ፈርዖን አሜንሆቴፕ 3ኛ ሦስተኛውን የበር ግንብ ሲያሠራ ከእርሱ በፊት የነበሩ ነገሥታትን ሕንፃዎች አፍርሶ በውስጡ ሞላበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን ለማጠናከር ውስጡ ሲፈተሽ ከእርሱ 500 ዓመት በላይ የሚቀድመው የሰኑስረት 1ኛ ነጭ ቤተ ጸሎት ድንጋዮች ሊሟሉ ጥቂት ሲቀራቸው ወጡ፤ በ1930ዎቹም ቤተ ጸሎቱ እንደገና ተተከለ። ድንጋዮቹ የማይታይ መሙያ ነበሩ፤ ግንቡ ለጥገና መከፈት ነበረበት፤ የቀድሞው ሕንፃም በግምት ሳይሆን በራሱ ድንጋይ ሊቆም ቻለ። ከዚህ የሚቀለው መካከለኛ መንገድ የቬኒስ ፈረሶች የሄዱበት ነው፤ አየሩ ነሐሱን ስለጎዳው ዋናዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው በፊት ለፊት ቅጂ ቆሟል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለጥናትዎ ከሦስቱ ሕንፃዎች ኮርዶባን ይያዙ፤ ማጠራቀሚያውን ለንጽጽር ብቻ ይጠቀሙበት። እያንዳንዱን አሮጌ ድንጋይ ካለበት ሳይነቃነቅ ይመዝግቡ፤ መጠኑን፣ የማያያዣ ጉድጓዶቹን፣ ከወለል ያለውን ከፍታ፣ ከየት ቆሞ እንደሚታይ። ስለ ትርጉም የሚጽፉትን ከዚህ መዝገብ በኋላ ይጻፉ፤ አስቀድሞ አይደለም። ድንጋይ ይውጣ የሚል ሐሳብ ከቀረበልዎ ደግሞ አሁን ያለበት ግንብ በሌላ ምክንያት የግድ ይፈታ እንደሆነ፣ የቀድሞው ሕንፃ በአብዛኛው ተሟልቶ ይገኝ እንደሆነ፣ የሚቆምበት ቦታ መኖሩንም ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይስማሙ።